ከዘ መንኪስ ጀርባ የነበሩ ሰዎች፦ ማን ሰራው፣ ማን ወሰነው፣ ማን በላው

ስለ ዘ መንኪስ፣ ማለትም በ1966 ለአሜሪካ ቲቪ ሾው ተብሎ ስለተሰበሰበው ባንድ (ዴቪ ጆንስ፣ ሚኪ ዶለንዝ፣ ፒተር ቶርክና ማይክል ኔስሚት) ወሬ ከተነሳ ሁሌም የሚባለው አንድ ነገር ነው፣ "ፌክ ባንድ ናቸው፣ ቲቪ ጠፍጥፎ የሰራቸው ናቸው፣ መሳሪያ እንኳን አይጫወቱም" ይባልና በቃ እዛው ላይ ይዘጋል። እኔን ግን የሚገርመኝ እሱ አይደለም። የሚገርመኝ በአራቱ ልጆች ዙሪያ የነበረው የሰው ብዛት ነው፣ ዘፈን ጻፊው፣ ፕሮዲዩሰሩ፣ የድሮ ጓደኛው፣ እህት፣ እናት፣ የስቱዲዮ ሙዚቀኛው፣ የኩባንያ አለቃ ልጅ፣ ሁሉም የሆነ ነገር አስገብቶ የሆነ ነገር ይዞ ወጥቷል። ስለዚ ነገሩን እንደ አንድ ጉዳይ ቁጭ ብዬ ልየው ብዬ ነው፣ ስራውን ማን ሰራ፣ ማን ወሰነ፣ ገንዘቡና ስሙስ ማን ጋ ሄደ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ነገሩን የጀመሩት ቦብ ራፌልሰንና በርት ሽናይደር የሚባሉ ሁለት ወጣት ፕሮዲዩሰሮች ናቸው። ሬይበርት የሚል ኩባንያ አቋቋሙ፣ ያሰቡት የቢትልስ ፊልሞች ላይ የሚታየውን ቅብጠትና ሩጫ በየሳምንቱ ቲቪ ላይ ማምጣት ነበር። ሆሊውድ ውስጥ ሃሳብ ያለው ሰው ሞልቷል፣ በር የሚከፈትለት ግን ጥቂት ነው፣ የነዚህ በር ቶሎ ተከፈተ ምክንያቱም የበርት አባት አብርሃም ሽናይደር የኮሎምቢያ ፒክቸርስ አለቃ ነበር፣ ሾውውን የያዘው ስክሪን ጄምስ ደሞ የኮሎምቢያ የቲቪ ክንፍ ነው። በርት ጎበዝ አልነበረም ለማለት አይደለም፣ በጣም ጎበዝ ነበር፣ ግን ዘመድ ያለው ጎበዝና ዘመድ የሌለው ጎበዝ እኩል እንደማይሮጡ ለናንተ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

በሴፕቴምበር 1965 የሆሊውድ የሙያ ጋዜጦች ላይ ማስታወቂያ ወጣ፣ ለአዲስ የቲቪ ሾው ከ17 እስከ 21 ዓመት የሆኑ አራት "እብድ" ልጆች እንፈልጋለን የሚል። ከ400 በላይ ሰው መጣ። በዚህ ኦዲሽን ላይ ኋላ በግድያ የታወቀው ቻርልስ ማንሰን ተወዳድሮ ወድቋል የሚል ወሬ እስካሁን ኢንተርኔት ላይ ይዞራል፣ ውሸት ነው፣ ሰውዬው ያኔ እስር ቤት ነበር፣ የወጣው በ1967 ነው። በእውነት ሞክረው ያልተሳካላቸው ግን አሉ፣ ፖል ዊሊያምስ አንዱ ነው፣ ኋላ ስሪ ዶግ ናይት ውስጥ የዘፈነው ዳኒ ሃተንም አለበት። ከሁሉም ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ኋላ ታዋቂ ሙዚቀኛ የሆነው ስቲቨን ስቲልስ ነው። ስቲልስ በጥርሱና በጸጉሩ ምክንያት አልተወሰደም ይባላል፣ እሱ ራሱ ደሞ እኔ ዘፈኖቼን ልሸጥላቸው ነው የሄድኩት ባይ ነው፣ የሆነው ሆኖ ሲወጣ ግን "እኔን የሚመስል ግን ለዚህ የተሻለ ልጅ አውቃለሁ" ብሎ ኒው ዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ አብሮት ፎክ ይጫወት የነበረውን ፒተር ቶርክን ጠቆመ። አየህ፣ ገና ከመጀመሪያው ከአራቱ አንዱ የገባው ጓደኛ ስሙን ስለጠራለት ነው።

ሌላው ማስታወቂያው ለሁሉም እኩል ክፍት ነበር ማለትም አይቻልም። ዴቪ ጆንስ ቀድሞውኑ ከስክሪን ጄምስ ጋር ኮንትራት ነበረው፣ ለሱ ቦታው ተይዞለታል ማለት ይቻላል። ዴቪ የማንቸስተር ልጅ ነው፣ እናቱን ገና በ14 ዓመቱ አጥቷል፣ ቁመቱ አጭር ስለነበረ ጆኪ (የእሽቅድድም ፈረስ ጋላቢ) ልሁን ብሎ ፈረስ ቤት ገባ። የፈረስ አሰልጣኙ ቤዝል ፎስተር ነው ይሄ ልጅ መድረክ ላይ ነው ቦታው ብሎ ወደ ለንደን ቲያትር የገፋው፣ ከዛ በኦሊቨር ሙዚቃዊ ድራማ ብሮድዌይ ደረሰና ለቶኒ ሽልማት ታጨ። የሚገርመው አጋጣሚ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 ኤድ ሱሊቫን ሾው ላይ ከድራማው ቡድን ጋር ሲቀርብ በዛው ማታ እዛው መድረክ ላይ ቢትልስ አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ታዩ። ልጁ ከመድረክ ጀርባ ሆኖ የሴቶቹን ጩኸት አየ፣ እኔም ይሄን እፈልጋለሁ እንዳለ ራሱ በኋላ ተናግሯል።

ሚኪ ዶለንዝ ደሞ የተዋናይ ልጅ ነው። አባቱ ጆርጅ ዶለንዝ ከትሪየስቴ የመጣ ሰው ነው፣ በ1956 ዘ ካውንት ኦፍ ሞንቴ ክሪስቶ የሚባለው የቲቪ ተከታታይ ላይ ዋናውን ገጸ ባህሪ የተጫወተ። ሚኪም በልጅነቱ ሰርከስ ቦይ የሚባል ሾው ላይ ሌላ ስም ይዞ ተውኗል፣ ማለትም የቲቪ ካሜራ ለሱ የቤት እቃ ነው። ድራም አይችልም ነበር፣ ከበሮው ጋ ቁጭ በል ተባለ፣ ተማረና ቁጭ አለ። ዴቪን ከበሮ ጀርባ ቢያስቀምጡት ቁመቱ ስለሚያጥር ካሜራ ላይ አይታይም ነበር፣ ምርጫው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው የተደረገው። የፒተር አባት ደሞ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ነው፣ ልጁ ባንጆም ፒያኖም ቤዝም ጊታርም የሚጫወት፣ ከአራቱ መሳሪያ በማብዛት የሚቀድመው የለም።

አሁን የአራተኛው ልጅ የማይክል ኔስሚት እናት ጋ ደረስን፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ለኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቋ ሰው እሷ ነች። ቤቲ ኔስሚት ቴክሳስ ዳላስ ውስጥ ባንክ ጸሐፊ ነበረች፣ ከባሏ ተፋታ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ። ኤሌክትሪክ ታይፕራይተር ሲመጣ የተሳሳተ ፊደል ለማጥፋት ከባድ ሆነ፣ ላጲሱ ቀለሙን ይለቀልቀዋል። ቤቲ ሥዕል ትሞክር ነበርና ሰዓሊ ሲሳሳት እንደማያጠፋ፣ ላዩ ላይ ደግሞ እንደሚቀባ አስተዋለች። ነጭ ቀለም በትንሽ ብልቃጥ አድርጋ በቀጭን ብሩሽ ቢሮ ይዛ ሄደች፣ አለቃዋ ሳያውቅ ስህተቷን እየቀባች ትሰራ ጀመር። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ስጪን ስጪን ሲሏት በ1956 ሚስቴክ አውት ብላ መሸጥ ጀመረች፣ ቀለሙን ኩሽናዋ ውስጥ በብሌንደር እየመታች። ብልቃጦቹን ጋራዥ ውስጥ ሆነው የሚሞሉት እነማን መሰሏችሁ፣ ልጇ ማይክልና ጓደኞቹ። በኋላ ሊኩዊድ ፔፐር የተባለው እሱ ነው፣ ቢሮ የሰራ የኛ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያ ነጭ ማጥፊያ።

እና እዚህ ጋ የሚገርመው የጊዜው ነገር ነው። ልጇ ሆሊውድ ውስጥ ሱፍ ኮፍያውን አድርጎ ኦዲሽን ሲገባ እሷ ገና ሀብታም አልነበረችም፣ እሱ በ1967 በመላው አሜሪካ ሲታወቅ የሷም ኩባንያ እዛው ዳላስ እያደገ ነው፣ ሁለቱም በየፊናቸው ማለት ነው። በ1979 ለጂሌት በ47.5 ሚሊዮን ዶላር ሸጠችው፣ በሚቀጥለው ዓመት አረፈች። ግማሹ ሀብቷ ለልጇ ግማሹ ለበጎ አድራጎት ሆነ። ልጁ ከዛ ሁሉ ዝና ያላገኘውን የገንዘብ ነጻነት ከእናቱ ብልቃጥ አገኘው፣ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ወደ ዘፈኑ ልሂድ። ሾውው በሴፕቴምበር 12 ቀን 1966 ኤንቢሲ ላይ ሲጀምር በየሳምንቱ ዘፈን ይፈልግ ነበር፣ ሁለት ሲዝን 58 ክፍል ነው የተሰራው፣ አራት የማይተዋወቁ ልጆች እየተወኑ ያን ሁሉ ዘፈን ይጽፋሉ ማለት ዘበት ነው። ዘፈኑን የሚያቀርበው ዶን ከርሽነር ነበር፣ የኒው ዮርክ ሙዚቃ አሳታሚ፣ ጆሮው ወርቅ ነው የሚባልለት። ከስሩ ያሉትን ጸሐፊዎች እይ፣ ካሮል ኪንግና ጄሪ ጎፊን፣ ኒል ዳይመንድ፣ ጄፍ ባሪ። ሎስ አንጀለስ ላይ ደሞ ቶሚ ቦይስና ቦቢ ሃርት፣ የሾውውን መክፈቻ ዘፈን የጻፉት፣ የመጀመሪያውን ሂት ላስት ትሬን ቱ ክላርክስቪልንም የጻፉትና ያቀናበሩት እነሱ ናቸው፣ መሳሪያውን የተጫወተው ራሱ የነሱ ባንድ ነው። ይሄ ዘፈን ሲሰሙት ለፍቅረኛው ባቡር ተሳፍረሽ ነይ የሚል ቀላል ነገር ይመስላል፣ ሃርት በኋላ እንደተናገረው ግን ልጁ ወደ ቬትናም ሊላክ የተቃረበ ወታደር ነው፣ ልጆች የሚያዩት የቲቪ ሾው ላይ ይሄን በግልጽ ማለት ስለማይቻል ሸፍነው አስገቡት። ደሞ አይም ኤ ቢሊቨር የኒል ዳይመንድ ድርሰት ነው፣ አሜሪካ ቻርት ላይ ሰባት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ።

እና ይሄ ፌክ ነው? እንደኔ አይደለም። ያኔ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከስቱዲዮ ሙዚቀኞቹ ሃል ብሌን ድራም ያልመታለት፣ ግሌን ካምቤል ጊታር ያልተጫወተለት ቡድን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፣ ራሳቸውን ባንድ ብለው የሚጠሩት ሁሉ በነዚህ ሰዎች ነው የሚቀዱት። እኛም ሀገር በካሴት ዘመን ዘፋኙ ግጥሙን ከአንዱ ዜማውን ከሌላው ይወስድ ነበር፣ ከጀርባ ሮሃ ወይ ዋልያስ ባንድ ይጫወታል፣ ማንም ዘፋኙን አስመሳይ ብሎ አያውቅም፣ ምክንያቱም ግጥም እገሌ ዜማ እገሌ ተብሎ ሽፋኑ ላይ አለ። የመንኪስ ችግር እዚህ ጋ ነው፣ የመጀመሪያው አልበም ላይ ጸሐፊዎቹ ተጽፈዋል፣ የተጫወቱት ሙዚቀኞች ግን የሉም፣ ሽፋኑ ላይ ያለው የአራቱ ልጆች ፎቶ ነው፣ ቲቪው ላይ ደሞ ሲጫወቱ ይታያሉ። ገዢው ምን ያስብ ታዲያ።

ልጆቹ ራሳቸው በዚህ ተቃጠሉ፣ በተለይ ኔስሚት። እሱ ሲገባ ዘፈን ጸሐፊ ሆኖ ነው የገባው፣ ዘፋኟን ሊንዳ ሮንስታትን ስቶን ፖኒስ የሚባል ባንድ ውስጥ እያለች ያሳወቃት ዲፈረንት ድረም የሱ ድርሰት ነው። የመጀመሪያው አልበም ላይ ሁለት ዘፈን ሰጡት፣ ከሁለቱም አንዱን ከጎፊንና ከኪንግ ጋር አብረህ ጻፍ ብለው አጣመሩት። ሁለተኛው አልበም በ1967 መጀመሪያ ሲወጣ ጭራሽ ልጆቹ መውጣቱንም አላወቁም፣ እንደማንኛውም ሰው ሱቅ ውስጥ ነው ያገኙት። ኔስሚት በዓለም ታሪክ መጥፎው ዲስክ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ለጋዜጣ ተናገረ፣ ለሌላ መጽሔት ደሞ አዎ ሰው ሰራሽ ነን ብላችሁ ጻፉ አለ። ያ "መጥፎ" አልበም እንግዲህ አሜሪካ ውስጥ 18 ሳምንት አንደኛ ነበር፣ ከርሽነርም በሱ ተራ ይሄን ቁጥር ይዞ ምን ጎደለባችሁ ቢል አይፈረድበትም።

በጃንዋሪ 1967 ቤቨርሊ ሂልስ ሆቴል ውስጥ ተገናኙ። ከርሽነር የወርቅ ዲስክና የሮያሊቲ (ከሽያጩ የሚደርሳቸው ድርሻ) ቼክ ይዞላቸው ነው የመጣው፣ ልጆቹ ደሞ የራሳችንን ሙዚቃ እንስራ ሊሉ። ኔስሚት ካልሆነ እወጣለሁ አለ፣ የከርሽነር ጠበቃ ኮንትራትህን አንብብ ሲለው ተነስቶ ግድግዳውን በቡጢ በሳውና ይሄ ያንተ ፊት ሊሆን ይችል ነበር አለው። ይሄ ትዕይንት ሁሌ የሚወራው ነው፣ ለኔ ግን ወሳኙ ቡጢው አይደለም፣ ወሳኙ ሽናይደርና ራፌልሰን ከማን ጋር ይቆማሉ የሚለው ነበር። ከልጆቹ ጋር ቆሙ። ከርሽነር ስምምነቱን ጥሶ የሚቀጥለውን ሲንግል (ለብቻው የሚሸጥ ባለ ሁለት ገጽ ዲስክ) በራሱ ምርጫ ካናዳ ላይ ሲያወጣ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ የኔስሚት ዘፈን ሊሆን የታሰበውን በሌላ ቀይሮ፣ በፌብሩዋሪ አባረሩት። ከሰሳቸው፣ ከፍርድ ቤት ውጪ ተስማሙ። ሰውዬው ቀጥሎ የሰራው ነገር ደሞ ያስቃል፣ ካርቱን ባንድ ያዘ፣ ዘ አርቺስ፣ የተሳለ ልጅ አይጨቃጨቅም። ሹገር ሹገር በ1969 የአሜሪካ አንደኛ ሆነ።

አሁን ማን ይስራላቸው? ኔስሚት ቺፕ ዳግላስን ክለብ ውስጥ አገኘው፣ የተርትልስ ቤዝ ተጫዋች የነበረውን፣ ሃፒ ቱጌዘርን ያቀናበረውን ልጅ። ፕሮዲዩሰር ሁንልን አለው። ቺፕ በህይወቴ ፕሮዲዩስ አድርጌ አላውቅም ሲለው ግድ የለም እኔ አሳይሃለሁ አለው። በዚህ ዓይነት ነው ሶስተኛው አልበም ሄድኳርተርስ የተሰራው፣ አራቱ ልጆች ራሳቸው ተጫወቱት፣ ሚኪ ድራም፣ ፒተር ባንጆና ኪቦርድ፣ ቤዝ ላይ ቺፕ ራሱ ወይም የኔስሚት የቴክሳስ ጓደኛ ጆን ለንደን። ጆን ለንደን ሾውው ላይ ደሞ መብራት ሲስተካከል በኔስሚት ቦታ የሚቆም ሰው ነበር፣ ቢል ቻድዊክ የሚባለው ጓደኛውም እንደዛው፣ ኦዲሽኑን ወድቆ ቦታ ያዥ ሆኖ ገባና ቆይቶ ከወንድሙ ጋር የጻፈው ዞር ኤንድ ዛም የመንኪስ አልበም ላይ ወጣ። እኔ ፌክ የሚለውን ወሬ ስሰማ የማስበው እነዚህን ነው፣ ጓደኛን ስራ ቦታ ማስገባት፣ ጓደኛ ዘፈን ሲጽፍ መዝፈን፣ ይሄ እንግዲህ ባንድ ማለት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው።

እዚህ አልበም ላይ በጣም የምወደው ነገር ደሞ የሃንክ ሲካሎ ነው። ሲካሎ የቀረጻ ኢንጂነሩ ነው፣ ልምድ ከሌላቸው ልጆች ጋር ለሳምንታት የደከመ። ኖ ታይም የሚለውን ዘፈን ልጆቹ ራሳቸው ፈጠሩትና ደራሲው ሃንክ ሲካሎ ነው ብለው አስመዘገቡለት፣ ሮያሊቲው ለሱ እንዲሄድ፣ ምስጋና መሆኑ ነው። አልበሙ አንድ ሳምንት አንደኛ ሆነ፣ ከዛ የቢትልስ ሳርጀንት ፔፐር መጣና አወረደው፣ ሁለተኛ ላይ 11 ሳምንት ቆየ። በነገራችን ላይ መንኪስ በ1967 ከቢትልስና ከሮሊንግ ስቶንስ ድምር በላይ ሸጡ የሚለው እውነት አይደለም፣ ኔስሚት ለጋዜጠኛ የፈጠርኩት ውሸት ነው ብሎ ራሱ አምኗል፣ አሁንም ግን ሰው እንደ ማስረጃ ይጠቅሰዋል። እውነቱ ራሱ እኮ በቂ ነው፣ በ1967 ውስጥ አራት አልበማቸው አሜሪካ ላይ አንደኛ ሆኗል።

ከቢትልስ ጋር ያላቸው ነገርም ሰው እንደሚያስበው የጠላትነት አይደለም። ኔስሚት ለንደን ሄዶ ጆን ሌነን ቤት አርፏል፣ ኤ ደይ ኢን ዘ ላይፍ ላይ ያለው ትልቁ ኦርኬስትራ ሲቀዳ ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። ፒተር ቶርክ ለቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን ዋንደርዎል ሙዚክ የሚባል አልበም ባንጆ ተጫውቷል፣ ስሙ ሳይጻፍ (እንግዲህ እሱም በተራው)። ሚኪ ደሞ እዛው ለንደን ሳማንታ ጁስትን አገኘ፣ የቢቢሲው ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ ላይ ትቀርብ የነበረችውን፣ ራንዲ ስካውዝ ጊት የሚለው ዘፈኑ ውስጥ አለችበት፣ በ1968 ተጋቡ፣ ልጃቸው ኤሚ ዶለንዝ ኋላ ተዋናይ ሆነች።

ጊታሪስቱን ጂሚ ሄንድሪክስን ያስገባውም ሚኪ ነው። ሞንትሬይ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ አይቶት ይሄ ሰው ትያትር ነው፣ እኛም ትያትር ነን፣ አብሮን ቱር ይውጣ አለ። በጁላይ 1967 ሄንድሪክስ ከመንኪስ በፊት መድረክ ወጣ፣ ታዳሚው ደሞ አስራ ምናምን ዓመት ሴቶች ከእናቶቻቸው ጋር፣ እሱ ፎክሲ ሌዲ ሲል እነሱ ዴቪ! ዴቪ! ይላሉ። ኒው ዮርክ ፎረስት ሂልስ ላይ በቃኝ ብሎ ወጣ፣ ስምንት ቀን ገደማ ነው የቆየው። ወግ አጥባቂ የሴቶች ማህበር ተቃውሞ አስባረረው የሚባለው ደሞ አንዲት ጋዜጠኛ ለቀልድ የጻፈችው ነው፣ ብዙዎች ዜና መስሏቸው አሁንም ያወሩታል። አራቱ ልጆች ግን በየማታው ከመድረክ ጀርባ ቆመው ሲሰሙት ነበር፣ ለነሱ በነጻ የተገኘ ኮንሰርት ነው።

ከጓደኞቹ ሁሉ ግን እኔ ሃሪ ኒልሰንን የሚያክል አላገኘሁም። ሃሪ ሎስ አንጀለስ ቫን ናይስ ውስጥ ባንክ ነበር የሚሰራው፣ ማታ ማታ የኮምፒውተር ክፍል፣ ቀን ደሞ ዘፈን ይዞ በየቢሮው ይዞራል። በ1967 ቺፕ ዳግላስ ለመንኪስ አምጥቶት ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ዘፈኖቹን አሰማቸው፣ ኔስሚት አላመነም፣ እንዴት እስካሁን ማንም አላየህም ዓይነት። ከድሊ ቶይን ዴቪ ዘፈነውና አራተኛው አልበም ላይ ገባ፣ የአሳታሚው ሰውዬ ለሃሪ በቃ ባንኩን መልቀቅ ትችላለህ አለው። አንድ የአልበም ዘፈን፣ ሲንግል እንኳን ያልሆነ፣ ሰውን ከማታ ፈረቃ አወጣ፣ የመንኪስ ሽያጭ ምን ያህል እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። ከዛ በኋላ ሃሪ ሁለት ግራሚ ወሰደ፣ ከሚኪ ጋር ግን የእድሜ ልክ ጓደኛ ሆኑ፣ ሰባዎቹ ውስጥ ሰንሰት ላይ ያለው ሬንቦ ቤት ከአሊስ ኩፐር፣ ከሪንጎ፣ ከኪዝ ሙን ጋር እስኪነጋ ይጠጡ የነበሩት እነሱ ናቸው፣ በ1977ም የሃሪ ዘ ፖይንት ለንደን ላይ ትያትር ሲሆን የተወኑበት ሚኪና ዴቪ ናቸው።

እሺ ገንዘቡስ? ልጆቹ መጀመሪያ ለአንድ ክፍል 450 ዶላር ገደማ ነበር የሚከፈላቸው፣ ሁለተኛው ሲዝን ላይ 750። በየልጁ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ በየምሳ ሳጥኑ ላይ ፊታቸው አለ፣ ከሱ የሚገኘው ግን ብዙው የኩባንያው ነው። ሾውው በ1967 የምርጥ ኮሜዲ ኤሚ ሲወስድ ዳይሬክተሩ ጄምስ ፍሮውሊም የራሱን ኤሚ ወሰደ፣ ይሄ ሰውዬ ነው ለልጆቹ ኢምፕሮቫይዜሽን ያስተማራቸው፣ ይገባዋል። ሾውው በ1968 ሲቆም ግን ትልቁ ትርፍ የሄደው ወደ ራፌልሰንና ሽናይደር ነው፣ እነሱ ደሞ አልበሉትም፣ ፊልም ላይ አዋሉት።

መጀመሪያ የመንኪስ ፊልም ተሰራ፣ ሄድ፣ ራፌልሰን ያዘጋጀው። ጸሐፊው ያኔ ብዙም የማይታወቅ ተዋናይ ነበር፣ ጃክ ኒኮልሰን። አራቱ ልጆች፣ ራፌልሰንና ኒኮልሰን ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦሃይ ሄደው ቴፕ ሪከርደር ከፍተው ሃሳብ ሲወራወሩ ሰነበቱ፣ ከዛ ስክሪፕቱ ላይ የሁለቱ ስም ብቻ ሆነ። ቀረጻው በሚጀመርበት ቀን ሶስቱ በዚህ ተናደው ቀሩ፣ ፒተር ብቻ መጣ። ቶሎ ተስማሙ ግን ነገሩ ከዛ በኋላ አልተመለሰም፣ ለኢንጂነሩ ዘፈን የሰጡ ልጆች ለራሳቸው ስማቸው የሚጻፍበት አንድ መስመር ተከለከሉ እኮ ነው። ፊልሙ በኖቬምበር 1968 ወጣና ከሰረ፣ ትንንሾቹ አድናቂዎች አልገባቸውም፣ ትልልቆቹ ደሞ መንኪስ ብለው አልገቡም። አሁን ሰው ይወደዋል፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ያኔ ግን ባዶ አዳራሽ ነበር።

ቀጥሎ ያው ሬይበርት በመንኪስ ገንዘብ ኢዚ ራይደርን ሰራ፣ 400 ሺህ ዶላር ገደማ የወጣበት፣ በአስር ሚሊዮኖች ያስገባ። ኒኮልሰን በሱ ኮከብ ሆነ። ከዛ ኩባንያው ቢቢኤስ ተባለ፣ ፋይቭ ኢዚ ፒስስ መጣ፣ ዘ ላስት ፒክቸር ሾው መጣ፣ በ1975 ደሞ ስለ ቬትናም ጦርነት የተሰራው ሃርትስ ኤንድ ማይንድስ ኦስካር ሲወስድ ሽናይደር መድረክ ላይ ቆሞ ከቬትናሞቹ የተላከ ቴሌግራም አነበበ፣ አዳራሹ ተናወጠ። የሰባዎቹ ሆሊውድ ተለወጠ ሲባል ብዙ ሰው ሌላ ሌላ ምክንያት ይደረድራል፣ እኔ ግን ያ ገንዘብ ሰኞ ሰኞ ማታ ቲቪ ፊት ከሚጮሁ የ12 ዓመት ልጆች የመጣ መሆኑ ተደጋግሞ ቢነገር ደስ ይለኛል።

የራሳቸው የአራቱ ነገር በአጭሩ፣ ፒተር በ1968 መጨረሻ ከኮንትራቱ በገንዘብ ራሱን ገዝቶ ወጣ፣ ቤቱ እነ ስቲልስ የሚሰበሰቡበት ድግስ የማያልቅበት ቤት ነበር፣ ገንዘቡ አለቀና ኋላ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ከኦዲሽኑ የቀረው ስቲልስ ሲከብር ተጠቁሞ የገባው ፒተር ባዶውን ቀረ። ኔስሚት በ1970 እሱም ከፍሎ ወጣ፣ ጆን ለንደንን ይዞ ፈርስት ናሽናል ባንድን መሰረተ፣ ካንትሪ ሮክ ገና ስም ሳይኖረው። በ1969 ዘ መንኪስ ፕረዘንት ላይ ደሞ ሚኪ የዘፈነው ፒሎው ታይም የሚባል እሹሩሩ አለ፣ ከጻፉት አንዷ የገዛ እናቱ ነች፣ ከርሽነር በነበረ ጊዜ ይሄ አይታሰብም።

የእናት ነገር ከተነሳ የቤቲን ልጨርስ። ኔስሚት የሙዚቃ ቪዲዮ የሚባለው ነገር ወደፊት ትልቅ እንደሚሆን ቀድሞ የገባው ሰው ነው፣ ፖፕክሊፕስ የሚል የክሊፕ ፕሮግራም ሰርቶ በ1980 ኒኮሎዲዮን ላይ ወጣ፣ ኤምቲቪ ከመምጣቱ በፊት። ኤለፋንት ፓርትስ የሚለው ስራው የመጀመሪያውን የቪዲዮ ግራሚ ወሰደ። የውርሱ ገንዘብ ሲደርሰው ደሞ ማንንም ኩባንያ ሳይለምን፣ ኮንትራትህን አንብብ የሚለው ሳይኖር መስራት ቻለ። ኤምቲቪም በተራው በፌብሩዋሪ 1986 የድሮውን ሾው ቀኑን ሙሉ ሲያሳይ አዲስ ትውልድ ያዛቸውና በዛው ዓመት የ20ኛ ዓመት ቱራቸው ጠቅላላ አሜሪካን አዳረሰ፣ ኔስሚት ስራ በዝቶበት ብዙውን አልነበረበትም።

ዴቪ በ2012፣ ፒተር በ2019 አረፉ። የቀሩት ሁለቱ በ2021 የመጨረሻ የስንብት ቱር አደረጉ፣ ኖቬምበር ላይ ሎስ አንጀለስ ግሪክ ቲያትር ጨረሱ፣ ኔስሚት ከሳምንታት በኋላ ዲሴምበር 10 ቀን አረፈ። በዛው ዓመት ሜይ ላይ ሚኪ የኔስሚትን ዘፈኖች ብቻ የዘፈነበት አልበም ወጥቶ ነበር፣ ፕሮዲዩሰሩ የኔስሚት ልጅ ክርስቲያን ነው፣ ከጀርባ ከሚዘፍኑት አንዷ ደሞ ኮኮ ዶለንዝ፣ የሚኪ እህት፣ ከስድሳዎቹ ጀምሮ ወንድሟን ስታጅብ የኖረችው። ይሄኛው ላይ የሁሉም ስም ተጽፏል።